ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት

ሽጉጡን አስረክቤ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሜ፣
ከመጋዘኑ በር ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ፣
ቤት ስገባ ንጋት፣ ልጄ አልተኛም ነበር፤
ፊቱ ሰማያዊ፣ እንደ ኩራዝ ሲያበር።
ቂርያት ጋት ገና አልነቃችም፤
የመጀመሪያው አውቶቡስ እንኳ አላለፈችም።

«አባ» አለኝ ኢታማር፣ «ስኪን ወጣልኝ!»
ሳኪን መስሎኝ ደነገጥኩ።
በዚህ አገር ቋንቋ ሳኪን ማለት ቢላ ነው፤
ባለፈው ጸደይ ከሕንጻችን ሥር
አንድ ልጅ የወደቀው በሱ ነው።
«ሳኪን አይደለም፣ ስኪን!» ብሎ ሳቀ።
«ግን ደግሞ… የሳኪን ስኪን ነው።»
ምን ልበል? ጫማዬን ፈታሁ።

ወንበር ሳበልኝ። ከመስታወቱ ውስጥ
ቢላዋ ትዞራለች፣ ያለ እጅ፣ ያለ አፎት።
«ትቆርጣለች?»
«እንደማንኛዋም ቢላ። ቀለሙ ኃይል አይጨምርም።»
«የት ነው ያለችው?» «ሒሳቤ ውስጥ።»
«ትነካለች?» «አትነካም።»
«ስንት ታወጣለች?»
ሲነግረኝ፣ አራት ወር የቆምኩባቸው ሌሊቶች
በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ታዩኝ።

በትዕግሥት ያስረዳኛል፣ ግማሹን በዕብራይስጥ፦
«ይሄ ቁጥር ጭረቷ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት።
ወደ አንድ ከተጠጋ አሮጌ፣ ወደ ዜሮ ከሆነ አዲስ።
ስትወለድ የተሰጣት ነው፤ ሺህ ጊዜ ብወጋባት
አይጨምርም፣ አይቀንስ።»

የኔን ሽጉጥ አሰብኩ፤
እጀታው የስንት ዘበኛ ላብ እንደጠጣ።
ጭረቱን የቆጠረለት የለም።

«ዋናው ግን ሰማያዊው ነው። ሌሎቹ ላይ
ቢጫው ይበዛል፤ ዕጣ ነው።
እንዲህ ጥርት ያለ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው።»
ጎንበስ አልኩ።

አውቀዋለሁ።
ይህን ሰማያዊ አውቀዋለሁ።
አባቴ ሲቀጠቅጥ ወናፍ ነፊው እኔ ነበርኩ፤
የጠነከረ ብረት ዳግም ቀስ ብሎ ሲሞቅ
ቀለሙን በዓይኔ እየቆጠርኩ፦
መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ማር፣
ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ለአንዲት ትንፋሽ ብቻ
ይሄ፤ ልክ ይሄ።
«አሁን!» ይላል አባቴ፤ ውኃው ይጮሃል፣ ይቆማል ቀለሙ።
ከዘገየህ ግራጫ ነው፤ እንደገና እሳቱ፣ እንደገና ድካሙ።

ያን ቢላ የገዛ ሰው፣ ጤፉን ሰፍሮልን የሄደ፣
ልጁን ማታ ቢያመው በእኛ ላይ ነበር የፈረደ።
ቀን ባለእጅ ነን፣ ማታ ጅብ ነን፤
እጃችንን ፈለጉት፣ ዓይናችንን ፈሩት።
ያ ሰማያዊ ለማንም ጌጥ አልነበረም፤
በመጀመሪያው ሞረድ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦
«የሳላት ሰው እሳት አጠገብ ቆሞ ያውቃል።
እዚህ ጫፏ ላይ ግን ቸኩሏል፤
ወይን ጠጁ ሳያልፍ ቀርቷል።»
ኢታማር አፉን ከፍቶ ዞረ።
«አባ፣ ሃይፋ ያለው ገዢም
ያችኑ ነጥብ አይቶ ነው
ሦስት መቶ ሸቅል የቀነሰው!»

አልሸጣትም። ማለቴ፣ እስካሁን።
በኅዳር ሠራዊት ገባ። የሰጡት ጠመንጃ
ብዙ ትከሻ ላይ ያደረ ነው፤ ቀለም አይመረጥበት፤
ቁጥሩን ብቻ በቃልህ ያዝ አሉት።
የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ
ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈልኝ፦
«አባ፣ አንዳንዴ ክፈትልኝ።
ሽያጭ የሚለውን እንዳትነካ።»

አሁን ከሥራ ስመለስ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣
ስልኬን ከአጠገቤ አድርጌ፣ ደወሉን ከፍ አድርጌ፣
ማውሱን ይዤ ቢላዋዋን አዞራታለሁ።
ጫፏ ላይ ያቺ ወይን ጠጅ እንዳለች አለች።
ቁጥሯን አነባለሁ፦ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት።
ትናንትም ዜሮ ሦስት።