ሳለ

ጠዋት ነው፤ ክላይድ ወንዝ ላይ ያካፋል፣
በእጄ የያዝኩት ቅጽ ርሶ ቀለሙ ይጠፋል።
ሥራዬ መጠየቅ፦ የመርከብ መሥሪያው ፈርሶ
ፎቅና መናፈሻ ሲተካ፣ ዳርቻው አዲስ ሣር ለብሶ፣
የሰፈሩ ጤና ምን ያገኛል፣ ምን ይጎድለዋል?
«ይጠቅማል»፣ «ይጎዳል»፣ «አይታወቅም»፦ ሦስት ሳጥን ይበቃዋል።

ሞራግ ጊልክሪስት ከፈተችልኝ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
አንደኛው ጉልበቷ ብረት፣ ሌላው ከእናቷ።
ጠረጴዛዋ ላይ ዕቅዱን ዘረጋሁት፣
ጫፍና ጫፉን በስኳር ዕቃና በመድኃኒት ብልቃጥ ያዝኩት።

ያምራል ስዕሉ። ውሃው ሰማያዊ፣ ዛፉ ሁሉ አድጎ ያለቀ፣
ልጁ ፊኛ ይዞ፣ ሽማግሌው ሳይደክመው የሳቀ፣
ውሻው እንኳ አያነክስም።

ብዙ አየችው፤ አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ።
«ማነው የሳለው?»
«መሐንዲስ ነው፣ ከኤድንብራ።»
«የኔም ዱጋልድ ሳለ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሳለ፣
ቀን ሳለ፣ ሌት ሳለ፣ ትንፋሹ እስካለ።
ወረቀት አልነበረውም፤ መሐረብ ላይ፣
ቀለሙም አንድ ብቻ፦ ቀይ።»

ቦይለሩን በአስቤስቶስ ሲለብጥ፣ ልጅ ሆኖ፣ በአሥራ ስድስት፣
ጓደኞቹ እንደ በረዶ አድቦልቡለው ሲወራወሩት፣
ከተጋቡም በኋላ ቱታውን ስታራግፍ፣ አቧራው ጓዳዋን ሲያለብስ፣
ቅጽ ይዞ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ደጇ የሚደርስ።

«ያ ሁሉ አመድ የት ገባ?» ብላ ፊኛውን በጣቷ ነካች።
«እዚህ ነው፤ ልጁ እግር ሥር። ሲደፉት አይቻለሁ» አለች።
«ስትቆፍሩት በየትኛው ወር ነው? ነፋሱስ በየት ነው ያኔ?
መዋዕለ ሕፃናቱ እኮ እዚህ ነው፣ ከጎኔ።»

ሳጥኖቼን አየሁ። ሦስቱም ጠበቡኝ።

ዕቅዱን ግን አልጠላችውም፤
«አርባ ዓመት አጥር ነበር፤ ወንዙን የማውቀው በጆሮዬ ነው፣
ዳሩ ብደርስ ደስ ይለኛል። ግን እስከዚያ መቀመጫው የት ነው?
ሽንት ቤትስ? ወይስ ስዕል ላይ ሰው አይሸናም?»

እርሳሴን ለመነችኝ፤ ሰጠኋት። እጇ እየተንቀጠቀጠ
ወንበር ሳለች፣ መደገፊያ ያለው፣ ፊቱን ለውሃው የሰጠ።
ከዚያ ቆም አለች።
አፏን በመዳፏ ከልላ፣
ደግማ ሳለች።

«ብርድ ነው» አለችኝ፣
ሳልጠይቃት።