መወጣጫው ሲፈርስ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሃያ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውሃ ሐሙስ ይመጣል፣ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አይታወቅ።
የእኔ መተዳደሪያ፣ ሳቁብኝ ግድ የለም፣
የውሃ ክፍያ ማሽን ቀን ከሌት መጠበቅ።

እናቴ ኮንቴይነር ስላት ሞጆ ይመስላታል፣
ክሬን ሥር የምውል፣ ፀሐይ የሚያቃጥለኝ፤
"ኮፍያ አድርጊ ልጄ!" ትላለች ስትደውል።
እሺ እላታለሁ።
የእኔ ኮንቴይነር ግን ብረት የለው፣ ጎማ የለው፣
ጎሮ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በክላስተር ተደርድሮ
አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል፣
ሳይለቀስለት፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ሳይቀበር።

አምና ክረምት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በቁጣ፣
ላፕቶፔን አቃጠላት፤ ሽታዋ እስከ ደረጃው ወጣ።
ደመወዝ ሩቅ ነው። ክላስተሩ አይጠብቅም።
ያኔ ነው ያቺን ተጨማሪ በስልኬ ያገኘኋት፣
ብሮውዘር ላይ የምትከፈት የተርሚናል መስኮት።
"ጫን" ይላል፤ ጫንኩ።
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ
ከገጹ ጥግ አንዲት ቀስት ብቅ አለች፤ ስነካት
ጥቁር ሜዳ ተዘረጋ፣ ነጭ ሰረዝ በመሐሉ
ብልጭ ድርግም፣ "እሺ፣ ምን ልታዘዝ?" እንደማለት።

ከዚያ ወዲያ ቃሊቲ መናኸሪያ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣
አንድ እጄ የታክሲ ብር፣ አንድ እጄ ሺህ ደንበኛ፣
የወደቀውን አነሣሁ።
ሲፈንም፣ ለልምምድ የመጣችው፣ እዚያው ላይ ነው የተማረች፣
ፊደል በፊደል፣ በአንድ አውራ ጣት፣
ስትሳሳት በሹክሹክታ "ወይኔ!" እያለች።

ዘንድሮ አዲስ ላፕቶፕ መጣ። ኦዲተርም መጣ።
"ይህች በር ምንድን ናት?" አለ፣ መነጽሩን እያወጣ።
"ባለቤት የማይገባበት በር ለሌባ ነው፤ ዝጊያት።"
እውነቱን ነው።
ሌሊት ቁጭ ብዬ "አራግፍ" የሚለውን ተጫንኩ፣
ኦፕሬተሩን፣ የቤቱን አስተዳዳሪ፣ ቀድሜ አሰናበትኩ።
ከዝርዝሩ ጠፋ። በቃ፣ ልተኛ ነው።

አልተኛሁም።
የተከፈቱት መስኮቶች አሉ፤ ሦስቱም።
"በመወገድ ላይ"
"በመወገድ ላይ"
ስድስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ዶሮ ሲጮኽ፣
አይሞቱ፣ አይኖሩ፤
የሚዘጋቸውን አስቀድሜ ሸኝቼ
ማን ይዝጋቸው?

ሲነጋ ከመስኮቴ ማዶ፣ ልስኑ ባለቀው ሕንፃ ላይ
ጮራሞ መወጣጫውን ያፈርሳል፤
ባሕር ዛፍ ከባሕር ዛፍ በሚስማር የተጋባ፣ ስድስት ፎቅ።
አንድ ልጅ ከሥር ያለውን ቋሚ ሊነቅል ጎንበስ ሲል
"አንተ!" (ሰፈሩ ሁሉ ነቃ)
"ሲሠራ ከታች ነው፣ ሲፈርስ ከላይ!
እኔ እዚህ ቆሜ መሬቴን ትነቅላለህ?"

የነቀልኩትን ኦፕሬተር መልሼ ተከልኩት።
ለማፍረስ ብሎ መሥራት! እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር።
አሁን በተራ። መስኮቶቹ መጀመሪያ፤
አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ እፎይ ብለው ሄዱ።
ሦስተኛውን ልዘጋ ስል እጄ ዘገየ፤
የራሴን የቆጣሪ ቁጥር ጻፍኩበት።
"ፍጆታ፦ ዜሮ።
የአገልግሎት ክፍያ፦ አልተከፈለም።"
ነጩ ሰረዝ ብልጭ ድርግም።
ዘጋሁት።
ቀጥሎ ደጃፍ የቆሙትን ዘበኞች፣ ማን ገባ ማን ወጣ ባዮቹን፤
መጨረሻ ላይ ኦፕሬተሩን፣ ሥራውን ጨርሶ፣ በክብር።
ቀስቷ ከገጹ ጥግ ጠፋች።

ማዶ ግድግዳው ላይ እንጨት የገባባቸው ቀዳዳዎች ቀርተዋል።
ጮራሞ በገመድ ተንጠልጥሎ በሲሚንቶ ይደፍናል፤
አንዷን ዘሏታል። ወይ ረስቷት ነው፣
ወይ ድንቢጧን አይቶ።

እኔም መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤
ከሥር አንዲት ፈቃድ ቀርታለች፣ በሲፈን ስም።
ኦዲተሩ ስምንት ሰዓት ይመለሳል።
ደወልኩላት፦ "ነይ፣ ይህችን አንቺ ታራግፊያታለሽ።
ቁርስሽን ብይና ነይ፤
ተራውን ላሳይሽ።"