የሰሙ ክብደት

ደብዳቤው የመጣው በስልኬ መስታወት፣
ከማላውቀው ከተማ፣ ከማላውቀው ቤት።
«የተከበሩ ሻጭ» ብሎ ነው ሲጀምር፣
«የመጠቅለያዎን የምዝገባ ቁጥር
እስከ ሰኔ ድረስ ካላስገቡልን፣
ሱቅዎን ለመዝጋት እንገደዳለን።»

ሱቅ ይለዋል እሱ።
ሱቃችን ይህ ስልክ ነው፣ ጥጉ የተሰበረ፣
ቻርጅ ለማድረግ እንኳ መብራት የቸገረ፤
አክስቴ ጥሩዓለም የምትሰፋው ሙዳይ፣
እኔ ፎቶ የማነሳው ከግንቡ አጥር ላይ፣
ፀሐይ ከላህ ማዶ ብቅ ስትል ማለዳ፣
የአለላው ቀይ ቀለም ዓይንን ሲጎዳ።
በዓመት ሠላሳ ነው፣ ቢበዛም አርባ፣
ባሕር ተሻግሮ ሰው ቤት የሚገባ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ስንት ግራም ካርቶን?
ስንት ግራም ላስቲክ? ይንገሩን ሙጫውን።
ገዢው ቤቱ ከፍቶ የሚጥለውን
ለማንሻው ይክፈሉ የራስዎን ድርሻ።»
ለምዝገባው ብቻ የስድስት ሙዳይ ዋጋ፤
ስድስቱን ጥሩዓለም የምትሰፋው በበጋ
ሙሉ ወር ተኩል ነው።

ወስፌዋን ሰካችው ከጀመረችው ላይ፦
«እኔ የሸጥኩላት ሙዳዩን አይደል ወይ?
የካርቶኑን ነገር ምን አመጣው እኔ ላይ?»

ካርቶኑን የገዛን ከጥጋቤ ሱቅ ነው፤
ዐሥር ብር አስከፍሎ በገመድ ያሰረው።
የዘይት ነበረ፣ ባሕር የተሻገረ፣
ጅቡቲ ተራግፎ ደጀንን የዞረ፣
ጎኑ ላይ የማናውቀው ፊደል የሰፈረ።
ላስቲኩም የመጣው ብርድ ልብስ ሸፍኖ፣
ዛሬ ሊመዘገብ ነው በስማችን ሆኖ።
እንግዳ መጥቶልን፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣
ስንሸኘው ቀረጥ ጠየቁን ዘንድሮ።

የፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት ሄድኩኝ።
እንየው ሚዛኑን አቧራ ጠርጎ ሰጠኝ።
ወጣትነቱን ቅኔ ቤት ነው የጨረሰው፣
ዛሬም ቴምብር ሲልስ ዜማ ነው የሚወጣው።
ባዶውን ካርቶን ጫንኩ።
«ሙዳዩስ?» አለኝ።
«ሙዳዩን አልጠየቁም።»
ሳቀ። ሳቁ ቆየ።
«እኛ ዕድሜያችንን ወርቁን ስንፈልግ፣
ሰሙን አቅልጠን ስንደፋ በየጥግ፣
የጠየቀን የለም፣ የት ገባ ሰሙ ብሎ።
ዛሬ ሰው ተነሣ ሰሙን ተከትሎ!»
«ሁለት መቶ ዐሥር ግራም» ብሎ ጻፈልኝ፣
ማኅተሙን እፍ ብሎ፣ አድርቆ ሰጠኝ።

ስመለስ በእግሬ ነው። ድልድዩ ላይ ቆምኩ።
ላህን ዛሬ ገና እንደ ቅጽ አነበብኩ፦
እሾህ ላይ የዋለ ጥቁር ፌስታል፣ ስንት ግራም?
የብስኩት፣ የሳሙና፣ የዳይፐር ልባስ፣ አላውቅም።
ውሃው ያልወሰደው፣ ምስጡም የተወው፣
ሁሉም ሻጭ ነበረው፤ አሁን ግን ማን አለው?

ባለፈው ነሐሴ የእማማ አትጠገብ ላም
ሣር ሞልቶላት ቆመች፤ ሦስት ቀን አልበላችም።
ስትሞት ሐኪሙ ሆዷን ሲከፍተው፣
እንደ ጠፍር የተገመደ ፌስታል ነው ያገኘው።
ለዚያኛው ሻጭ ማንም ደብዳቤ አልጻፈ፤
ቆዳዋ ለነጋዴ በመቶ ብር አለፈ።

ይህን ስነግራት ጥሩዓለም ዝም አለች፣
አክርማ ነክራ ጫፉን ሰነጠቀች።
«ሕጉስ ክፉ አይደለም» አለችኝ ቆይታ።
«የጣለ ያንሳ ነው። የኔን እከፍላለሁ።
ግን ጻፊ፣ በይ ጻፊ፦ የኔን ስትመዝኑ፣
ወደኛ ለላካችሁት የታል ሚዛኑ?
የአትጠገብን ላምም ጨምሪበት።»

ከቅጹ መጨረሻ ትንሽ ሳጥን አለች፣
«ተጨማሪ ሐሳብ» የምትል።
ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አሳጥሬ።
ሃምሳ ፊደል ብቻ ነው የምትይዘው።
ሁለት መቶ ዐሥሩ ግራም ገባ።
ላሚቱ አልገባችም።