ይታይሽ ያልታየው

ደንበጫ፣ ጤና ጣቢያ፣ ከመዝገቡ ክፍል፣
ሁለት መቶ አርባ ፖስታ በአንድ መልክ ታሽጓል።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቁስል አላጥብም፣ መርፌም አልወጋ፣
ስም አስገብቼ ቁጥር ሳወጣ ነው ቀኔ የሚመሽ፣ ሌቴም የሚነጋ።

አምና ሳሙና ታድሎ፣ ቅባትም ተጨምሮ፣
ቀይ አፈር እግሩን ለነፋው፣ ከሠርግ ለሚቀር አፍሮ፣
የወሰደው ሁሉ ተሻለው ተባለ፤
ኀላፊው አጨበጨበ፤ ሰንጋ ይታረድ ያለም አለ።
ወይዘሮ ጥሩዓለም ግን፣ ስሌት ያስተማረችኝ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦
«ማን ነው የመጣው?»

ቆጠርኩት። የመጣው ከተምጫ ወዲህ ያለ፣
ውኃ ከደጁ የሚያልፍ፣ በቅሎ የጫነ፣ ጫማ የታደለ።
እግሩ የባሰበትማ ከማዶ ነው የቀረ፣
ወንዙን ማን ያሻግረው? መዝገቤስ መቼ እሱን ቆጠረ?
«እንግዲህ ንገረኝ» አለች፣ «ያዳነው ሳሙናው ነው?
ወይስ ወንዙ? ወይስ በቅሎው? ወይስ ቀድሞም ሊድን የነበረው ሰው ነው?»

አፌን ያዝኩ።

ዕጣ ይጣል ተባለ። ግማሹ አሁን ይታጠብ፣ ግማሹ ዓመት ይቆይ።
ሕዝቡ አጉረመረመ፤ «በእግራችን ቁማር ልትጫወቱ ነወይ?»
መሪጌታ እንየው ተነሡ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣
«ማትያስም በዕጣ ነው ከዐሥራ አንዱ ጋር የተቆጠረው፤
ዕጣ ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦም አይበላ፣
እናንተ ያስለመዳችሁን ግን…» ብለው ሳቁ፤ ተቀመጡ ኋላ።

ይታይሽ አላምረው ፖስታዋን በጥርሷ ቀደደች።
«ቆይቶ» ይላል። ማንበብ አትችልም፤ ፊቴን አነበበች።
«ምን አጠፋሁ?»
«ምንም» አልኳት፤ «ዕጣ ዐይን የለውም፣ ያንቺን ጥፋት አያይ፤
ዐይን ቢኖረው ያዳላ ነበር፤ ያዳላ ሚዛን መድኃኒት ከወንዝ አይለይ።»

አልገባትም። ለእኔም ሌሊት ነው የገባኝ፦

ሌላ ይታይሽ አለች፤ «አሁን» የሚል ፖስታ የደረሳት፣
ጧትና ማታ ታጥባ፣ ቅዳሜ ገበያ እግሯ ያደረሳት።
ያቺን ማን አያት?
አንድ ሰው ሁለት መንገድ አይሄድ፤ አንድን ዓመት ሁለቴ አይኖርም፤
ሳትታጠብ የከረመችው፣ ታጥባ የምትሆነውን አታውቅም።
ስለዚህ የሰው እግር እንበደራለን፤ መቶ ሃያውን ከመቶ ሃያው፣
አንዱን ጎራ ላንዱ መስታወት አድርገን፣ ያልሆነውን እንድናየው።

አንለይ የሚባል ሰው ነበረ፤ ፖስታው «አሁን» አለው፤
ሳሙናውን ገበያ ወስዶ በጨው ለወጠው።
ነርሷ ተናደደች፤ «ይሄማ አልታጠበም፤ ከ‹ቆይቶ›ዎቹ ይደመር!»
እኔ እምቢ አልኩ፤ «ዕጣው ካኖረው ቦታ ማንም አይሻገር፤
ሳሙና የሚሸጥ ሰው ነገም ይኖራል ባገር።
እንደ ስሙ ይሁን፤ አንለይ ከጓዶቹ አይለይ፤
የከፋንን ከለቀምንማ፣ ያ ያታለለን ወንዝ ተመለሰ ማለት አይደለም ወይ?»

ምንይችል ደግሞ መተማ ሄደ፣ ለሰሊጥ አጨዳ፤
ሣጥኑ ባዶ ቀረ። ዳነ? ሞተ? ረሳን? ይሄ የኔ ዕዳ።

ዓመቱ ሞላ። ስሌቱ ወጣ፤ በወር አራት ቀን ከአልጋ መነሣት፤
«ከሁለት እስከ ስድስት» ብዬ ጻፍኩ፣ የማናውቀውን ላለመርሳት።
ኀላፊው፣ «አራት በቃ! ሌላው ለባነር አይመችም።»
እኔ ግን ድንበሩን አልነቅልም፤
ድንበሩ የተነቀለ ማሳ ጠብ እንጂ እህል አያበቅልም።

ይታይሽ ተራዋ ደርሶ መጣች። በሜትር ለኳት።
«አምና ቢሆን ስንት ቀን አተርፍ ነበር?» አለችኝ፣ ሳላስባት።
«አራት» ልል አፌን ከፈትኩ።
አራት የማን ነው? የመቶ ሃያው ነው፤ የእሷ ብቻ አይደለም፤
አማካይ እግር የለውም፣ ጫማም አይገዛም፣
ሠርግም አይጠራም።
«አላውቅም» አልኳት። «ያንቺን አላውቅም።»

ሳቀች። «ለዚህ ነው የተማርከው?»
ሳሙናዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወጣች፤
የግራው ጫማዋ ተቆልፏል፣ የቀኙ ገና አልገጠመም።

ከመዝገቡ ዳር፣ ቁጥር ሰባ ሁለት አጠገብ፣
ስሟን በእርሳስ ጻፍኩ።
ክልክል ነው።
እስከ ማክሰኞ ሳልደመስሰው ቆየሁ።