ሚዛንና ምላስ

ሥራዬ ሚዛን ነው፤ ከሐይቁ ዳር ቆሜ
ቆሮሶና አምባዛ ስመዝን ከርሜ፣
ቅርፊት ከጥፍሬ ሥር እንደ ሳንቲም በቅሎ
ዓለምን ያየኋት በኪሎ፣ በኪሎ።

ዓርብ ዓርብ ከፔዳ መምህር ይኄይስ
ሳይክሉን እየነዳ ወደኛ ሲመለስ፣
ከአንጓች መጥበሻ ዳር በርጩማ ይስባል፤
«መልካም ኑሮ ማለት ምንድን ነው?» ይለናል።

«ከፊሉ ጠቢባን ደስታ ነው ይላሉ፤
ሕመም ተቀንሶ የቀረው በሙሉ።
ሌሎች ግን፣ የሻኸው ከደረሰ በእጅህ
ጣመህም መረረህ፣ ያ ነው መልካም ዕድልህ።
ሦስተኞቹ ደግሞ…»
ሳይጨርሰው ሙጨ
መረብ እየጣፈ ሳቀ፦
«የሻሁት ሞተርማ ደረሰኝ በብድር፤
ይኸው ሦስት ዓመቴ ዓይኔ ሳይከደን ሳድር!»

እኔ ወደ እምቦጩ አየሁ።
«ያማረ ሁሉ ነው እንዴ መልካም?» አልሁ።
አበባው ሐምራዊ፣ ሙሽራ የሚያስንቅ፣
ከሥሩ ግን ሐይቁ ትንፋሹ ሲጨነቅ።

አንጓች መልስ የላትም።
ዓሣውን ገለበጠችው።

ዘንድሮ በክረምት ታመመ ይኄይስ።
ሰውየው ዳነና ምላሱ ግን ቀረ፤
ጨውና በርበሬው አንድ ሆኖ አደረ።
ሎሚም እንደ ውኃ። ሽታም የለ።
ከእንግዲህ አይመጣም ብለን
በርጩማውን ለሌላ ሰጠን።

መጣ።
ዓርብ ነበርና፣ መጣ።
ያንኑ በርጩማ አስለቅቆ፣ ስቦ፣
እሾሁን በጣቱ አንድ ባንድ ሰብስቦ፣
ጭንቅላቱ ሳይቀር በላው።

«አይጣፍጥህ ነገር ምን አመጣህ?» አልሁት።
ለመመዘን ለምጄ ሒሳቡን ፈለግሁት።

ዝም አለ። ከዓባይ አፍ ጉማሬ ተነፈሰ፤
የመጨረሻው ጀልባ ከዘጌ ደረሰ።

«ሙጨ ሌሊት ወጥቶ፣
አንጓችን ዘይቱ ክንዷን እየፈጃት፣
አንቺም በሚዛንሽ አንድ ግራም ሳትሰርቂኝ…
ይኸ ሁሉ ነገር
ምላሴ ላይ ብቻ ኖሯል እንዴ?» አለኝ።

ሲሄድ፣ አጥንቱን ከሳህኑ አንስቼ
ሚዛን ላይ አኖርሁት፣ ማንም ሳያየኝ።
መርፌው ነቅነቅ አለ፤ ዜሮ ላይ አልቆመም።
ለዚህ የሚሆን ዓምድ ደብተሬ ውስጥ የለም።

ለካ ሳይከፍል ነው የሄደው።
እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦
ዓርብ። ይኄይስ። አንድ ቆሮሶ። ዱቤ።