ተራ ቁጥር ሰባት

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
መኪናችን ከጭቃ በግፊት ተላቃ፣
ደረስን። የዛሬ ሰባት ዓመት እዚሁ ቆሜ ነበር፤
ሽምብራው እስከ ጉልበቴ፣ ጫማዬ ሙሉ ጥቁር አፈር።

አሁን የፌሮ ጫካ፣ ጫፉ የቀላ በዝገት፣
ክንዱን ዘርግቶ የቀረ ክሬን፣ ማንን እንደጠራ ረስቶት፤
ጉድጓዱም፣ የማብላያው መሠረት ሊቆምበት
የተማሰው ጉድጓድ፣ ዝናብ ተኝቶበት።

የያዝኩት ቅጽ አጭር ነው፤ ስድስት ገጽ፣ አንድ ማኅተም፦
«የግንባታው ማጠናቀቂያ በአምስት ዓመት ይራዘም።»
ኢንጂነር ምሕረተአብ ገና በማለዳ ደውሎ
«የሚለወጠው ቀን ብቻ ነው፣ አታክብጂው» ብሎ፣
«አፈር አይነሣም፣ ሲሚንቶ አይፈስም፣ ቦታው ያው ቦታ፤
የአካባቢ ተጽዕኖውን ሙይና ላኪልኝ ለዓርብ ማታ።»

ሞላሁ።
አየር፦ ለውጥ የለም።
ድምፅ፦ ለውጥ የለም። (እውነት ነው፣ ጸጥ ብሏል።)
ጨረር፦ ገና ያልመጣ ነገር ምኑ ይለካል?
የውሃ አካል፦ እዚህ ጋ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ትዝ አለኝ የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ የቀደመ፦
«በቦታውም ሆነ በዙሪያው የውሃ አካል የለም።»
እንቁራሪቱ ግን ከጉድጓዱ ጩኸቱን አላቆመም፤
በጠራራ ፀሐይ ይንጫጫል። ደንገል ከቦታል ዳሩን፣
ጋጋኖም ከክሬኑ ጫፍ አንጿል ጎጆውን።
ማንም ያልጋበዛቸው፣ ማንም ያልከለከላቸው፣
እኛ ቀጠሮ ስናራዝም ገብተው የኖሩ ናቸው።

ዘበኛው በዳሳ ቶላ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
ስጽፍ ሲያየኝ ቆየና መጣ ወደኔ ቀርቦ።
«ማብላያ ነው አይደል ስሙ?» አለኝ ወረቀቱን እያየ፤
«ያበላል ብለን ጠበቅን፤ ሲበላ እንጂ ሲያበላ አልታየ።»
ከራሱ በላይ የመብራት ሽቦ፣ ወደ ከተማ፣ እያጉረመረመ፤
እሱ ግን ስልኩን በአምስት ብር ያስሞላል፣ ሱቅ ደጃፍ እየቆመ።

ከአጥሩ ጥግ ናት የወርቂቱ በዳኔ ቤት፤
አርባ አንድ ይላል ግድግዳው፣ በቀይ ቀለም ተጽፎበት።
«ትነሻለሽ» ተብላለች።
«መቼ?»
«በቅርብ ጊዜ።»
ሰባት ክረምት ሄደ፤ ያ ቅርብ ገና ቅርብ ነው።
ጣራዋ ያፈሳል። ቆርቆሮ መቀየር አይቻልም፤
ከቆጠራ ወዲያ የተሠራ ለካሣ አይታሰብም።
ባሕር ዛፍ መትከል አይቻልም። መሸጥም አይቻልም።
ልጇ ሚስት አጭቶ፣ ጎጆ መቀለሻ አጥቶ፣
ወደ ሞጆ ሄዷል፣ ጭነት አውራጅነት ገብቶ።
ካሣው በያኔው ዋጋ ተሰልቶ ፋይል ውስጥ ተኝቷል፤
«ዛሬ ጥጃ አይገዛም» አለችኝ፤

ጥጃ ስትል ግን ድምጿ ወረደ።

በሐምሌ ጨለማ ገመዷን በጥሳ አደረች ጠፍታ፤
ጠዋት ከጉድጓዱ ተገኘች፣ ተንጋላ፣ ተነፍታ።
«ጻፊው» አለች ወርቂቱ፤ «ለማን ከሰስኩ? ማን ሰማ?
ጥጃም አካባቢ ነው፤ አይደለም እንዴ? አንቺ የተማርሽ፣ እስቲ ንገሪኝማ።»

ተራ ቁጥር ሰባት፦ «የጊዜው መራዘም ብቻውን
የሚያስከትለው ተጽዕኖ አለ? የለም? ያክብቡ አንዱን።
አለ ካሉ ያብራሩ።»
ለማብራሪያ የተተወው መስመር አንድ ነው፣ ስፋቱ የጣት።
በአንድ ጣት ምን ይጻፋል? ሰባት ክረምት?
ያልተቀየረ ቆርቆሮ? ያልተተከለ ዛፍ ጥላ?
እኔስ፣ ያኔ ሽምብራው መሀል ቆሜ «የለም» ያልኩት፣ በዚሁ እጄ፣ ምሳ ሳልበላ፣
ፀሐይ ከበዳኝ ብዬ ቸኩዬ?

«አለ» የሚለውን ከበብኩ።
መስመሩ ሲያልቅ ወደ ኅዳጉ፣ ኅዳጉ ሲያልቅ ገለበጥኩ፣
ጀርባው ላይ ጻፍኩ፣ እስኪመሽ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ፤
ጋጋኖውን፣ ጥጃዋን፣ ቁጥር አርባ አንድን፣ የራሴን ስሕተት ከግርጌ።

በዳሳ በስልኩ መብራት ሲያበራልኝ ቆይቶ
«አለቀ?» አለኝ፣ ባትሪው አንድ መስመር ቀርቶ።
«አለቀ» አልኩት።
ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፦
ቢሯችን ያለው ፎቶ ኮፒ
የሚያነሣው ፊቱን ብቻ ነው።