ቀትር ላይ የተነሳ

ካች በረሃ፣ ቀትር፤ ጨው የሆነ ሜዳ፣
ሰማዩ ነጭ ብረት፣ መሬቱ ነጭ ዕዳ።
ጂቪቤን ቆማለች አካፋዋን ይዛ፣
ጥላዋን ከእግሯ ሥር እንደ ጨርቅ ጠምዝዛ።
ፀሐይ በዓይኗ ቦታ ሁለት ጉድጓድ ቆፍራ፣
ካፍንጫዋ በታች ጥቁር ጢም አኑራ።

«ጀርባ ስጪያት» አልኩኝ፣ «ፀጉርሽ ዳሩ ይብራ፤
ፊትሽን ለጨው ተዪው፣
ብርሃን ያበድርሻል፣ ከሥር እያበራ።»
ሳቀች።
«ጨው? አበዳሪ?
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኔ ነው ሲበደር የኖረ፤
መዳፌን እየው፣ መስመር የለውም።»

ልጇ ቫሽራም ነጭ አንሶላ ወጠረ፣
ነፋስ ነጠቀው፤ ደግሞ ወጠረ።
«ተወው» አለችው።
«በጥላ ውስጥ ያለችዋን ሴትዮ
እኔም አላውቃት፣ አንተም አታውቃት።»
ዞረች። ፊቷን ቋጥራ፣
ፀሐይን እንደ አጭበርባሪ ነጋዴ አየቻት።
ጠቅ።

ማታ፣ ጎጇቸው ደጃፍ፣ ምስሉን አሳየኋት።
ሰማዩ ነዶ ጠፍቷል፤ ሜዳውም የለም፤
ዓይኖቿ ሁለት ስንጥቅ፣
ግንባሯ ላይ ውሃ የሚጠብቁ ቦዮች።
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት
ካሜራውን ወደ ልጇ አዞረችው፦
«እቺ ናት እናትህ።»
ቆይታ ደግሞ ወደ እኔ፦
«ጢሙን ብቻ ላጭልኝ።»